የእሳት ጉዳይ ሚኒስትር

ከቤቱ አንዴ ወጥቶ በዚያው የሚሄድ ቤተሰብ አይታችኋል? ውሸት ነው! በየቤቱ ከደጅ የሚመለስ፣ መወርወሪያውን የሚነቀንቅ፣ «ቆይ፣ አንዴ ልየው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ከተማ አጠገብ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ክብርት ወይዘሮ አማከለች ነበሩ፤ የእሳት ጉዳይ ሚኒስትር። ሹመቱን የሰጠቻቸው ምራታቸው ጌታነሽ ናት፤ በሆዷ ብቻ እንጂ በአፏማ ማን ደፍሮ!

አማከለች ገበያ ሲሄዱ ከወንዙ ይመለሳሉ። «እሳቱን ዳፍኜዋለሁ?» ዳፍነዋል። አመዱን ገልጠው ያዩታል፤ ገልጠውታልና እንደገና ይዳፍኑታል፤ እንደገና ዳፍነውታልና እንደገና ይጠራጠራሉ። የዘመኑ ካድሬ ሰው ይገመግማል፣ እሳቸው ምድጃ ይገመግማሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መሃል ውልቅ ብለው ሲሄዱ መምሬ መርስዔ ኃዘን አዩዋቸውና በኋላ፣ «አማከለች፣ ሲኦልም እኮ እሳት አለ፤ እሱንስ ማን ይዳፍነው?» አሏቸው።

«እሱ ጠባቂ አለው፣ አባቴ» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

ጌታነሽ ስቃ ባለፈችው ነበር። ግን ባሏ ማዕረግም የእናቱ ልጅ ነው፤ የበጎቹን ጉረኖ ዘግቶ፣ እራት ቀርቦለት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዞ ተነስቶ ያየዋል። የአማከለች እናትም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። የባሰው ግን የራሷ ነው። ራቤል አገር፣ በሩ ተዘግቶ በማያውቅ ቤት ያደገችው ጌታነሽ፣ አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ከወጣችበት ተመልሳ እጇን አመድ ውስጥ አገኘችው። ክው አለች። ጡት የምትጠባ ሴት ልጅ አለቻት፣ መስታወት።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን እስከዳርን ጠየቀቻት። «ይሄ ነገር በዘር ነው ወይስ አብሮ በመኖር?»

«ከሁለቱም ነው» አለቻት እስከዳር። «ጭንቀት በዘርም ይመጣል፣ ከኑሮም ይመጣል።»

«እንግዲያው የኑሮውን እንኳ ለልጄ ላስቀርላት!»

ባሏን ነዝንዛ ነዝንዛ ከተማ ቤት አስከራየችው። ዕቃቸውን አህያ ላይ ጫኑ። አማከለች አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ የሕፃኗን ግንባር ሳም አድርገው «በሉ በሰላም ግቡ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጌታነሽ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምነው?» አለ ማዕረግ።

«እማማ እሳቱን አልዳፈኑትም።»

«እማዬ? አንቺ ደግሞ ቀልደኛ ነሽ!»

«ሊሸኙን ሲወጡ አንዴ እንኳ ተመልሰው አላዩትማ!» ልጇን እንዳዘለች ወደ ኋላ ሮጠች።

አማከለች ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ኩበቱ እንደተገለጠ ይነዳል፤ በተከፈተው በር የሚገባው ነፋስ ፍንጣሪውን ወደ ጣሪያው የጓሳ ሣር ክዳን ያነሳዋል።

«እማማ! ቤቱ ሊቃጠል እኮ ነው!»

«ይቃጠላ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ማን አለበትና?»

ያን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ የሚጠብቁት ምድጃ መስሏት ነበር። ተንበርክካ ፍሙን በአመድ ዳፈነችው፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

አማከለች አንገታቸውን አስግገው አመዱን አዩት።

«በዚያ በኩል ይጨሳል» አሉ።

«አየሁት፣ እማማ።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ደግማ አየችው። ከዚያ በር ላይ ወጥታ፣ አህያውን እየነዳ ለደረሰው ለማዕረግ፣ «አራግፈው! የትም አንሄድም!» አለችው።

ማዕረግም ሳያራግፍ በፊት ጭነቱ ጠብቆ መታሰሩን አንዴ ነካ ነካ አድርጎ አየ።