በሳዳ ጀሪካን ላይ የበቀለው ዓይን

ይህ አዋጅ ለጅጅጋ ከተማ ሰፊው ሕዝብ፣ ለባጃጅ ነጂውም ለተሳፋሪውም፣ ማንበብ ለሚችለውም ሲነበብለት ለሚሰማውም ይድረስ! በወተት ተራ፣ አንድ እግሩ ባጠረ በርጩማ ላይ የሚቀመጡት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚመቱት፣ ተነሥተው ሲቆሙ ተቀምጠዋል የሚባሉት ክቡር ዐብዲናስር፣ ከእንግዲህ በምድር ላይ አንድም ያልፈቱት ምስጢር እንደሌለ ስላረጋገጡ፣ ሕዝቡ ያለ ስጋት አርፎ ይተኛ።

ማዕረጉ እዚህ ላይ ያብቃና ወደ ሰውየው እንምጣ። በየሰፈሩ አንድ ዐብዲናስር አለ። የሌለበት ሰፈር ቢገኝ እንኳ፣ የጎረቤቱ ሰፈር ዐብዲናስር «እዚያ ብቻ እንዳይኖር የተደረገው ለምንድን ነው?» ብሎ ይመረምረዋል። ለዚህ ዓይነት ሰው ነፋስ ዝም ብሎ አይነፍስም፤ የላከው አለ። ዶሮ ዝም ብላ መንገድ አታቋርጥም፤ የከፈላት አለ።

ብሩ በተቀየረ ሰሞን አዲሱን ሁለት መቶ ብር ለፀሐይ ዘቅዝቆ ይዞ፣ የተኛ አንበሳ አየሁ አለ። ሌላ ሰው አላየም። «እንዳታዩ ስለተደረገ ነው» አለ። መብራት የሚጠፋባቸውን ሰፈሮች በካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ በመስመር ሲያገናኛቸው ቀስት ወጣው፤ የቀስቱ ጫፍ ደግሞ የራሱን ግቢ ሽንት ቤት ያመለክታል። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እሱ ግን ካርታውን አጣጥፎ «ሊያዘናጉኝ ነው» አለና ሽንት ቤቱን አስቆፈረ። የወጣውን ነገር እዚህ አንጽፈውም።

ይህን ሁሉ ግኝት «የተሸፈነው ሲገለጥ» በሚል የቴሌግራም ቻናሉ ይለቅቃል። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚያልቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አጋጣሚ ይመስላችኋል?»

የመጀመሪያዋ ተከታይ ሳዳ ነበረች። ሳዳ የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ በርጩማውም የእሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ዐብዲናስር ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ከእሷ ዘንድ በጣሳ ወተት ይጠጣል፤ ምስጢር ይከፍታል። እሷም ታምነዋለች። በእሱ ምክር ብስኩት መብላት ትታለች፤ ቀዳዳዎቹ ተቆጥረው ነው የሚበሱት ብሏታላ። ታርጋው በሰባት የሚያልቅ ባጃጅ ስለማትሳፈር በጠራራ ፀሐይ በእግሯ የምትሄድበት ቀን አለ። እግሯ ይታመማል፤ ልቧ ግን ሰፊ ነው። ሌሎቹ ደንበኞቿ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ ያወራሉ፤ ዐብዲናስር ዓለምን ይነግራታል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ዐብዲናስር ባጃጅ ሲጠብቅ፣ ከቱሊ ጉሌድ የመጣ አይሱዙ ቢጫ ጀሪካኖች ሲያራግፍ አየ። በየጀሪካኑ ላይ ምልክት አለ። በአንዳንዱ ክብ፣ በአንዳንዱ መስመር፣ በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ቀይ ሦስት ማዕዘን፤ በሦስት ማዕዘኑ መሃል... ዓይን! ፎቶ አነሣ። በማግስቱ ማለዳ ከሳዳ በርጩማ ላይ ሆኖ፣ ሁለተኛ ጣሳውን እየጠጣ እንዲህ ብሎ ለቀቀው፤ «ዓይኑ ያያችኋል! ወተቱን የሚያጠጣን ማን ነው? ጀሪካኑ ለምን ቢጫ ሆነ? ወተቱ ለምን ጭስ ጭስ ይላል? አጋጣሚ ይመስላችኋል?»

ጭስ ጭስ የሚለው የሚታለብበት ዕቃ በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ነው። ይህን የከተማው ሕፃን ያውቀዋል። ዐብዲናስርም ያውቀው ነበር፤ ግን ማወቅና ማስታወስ ይለያያሉ።

ብዙም ሳይቆይ የሻይ ቤቷ ፈርሂያ መጣች። ፈርሂያ የሳዳ ትልቋ ገዢ ናት።

«ሳዳ፣ እስቲ ጀሪካንሽን ወዲህ አዙሪው።»

ሳዳ አዞረችው። ፈርሂያ ስልኳን አየች፤ ጀሪካኑን አየች።

«አዑዙ ቢላህ! ዛሬ ሻዩን በዱቄት ወተት አፈላለሁ» ብላ ሄደች።

ሌሎቹም ገዢዎች ሳዳ ጋ ሲደርሱ ሰማይ ሰማይ እያዩ ያልፉ ጀመር። ሳዳ ስልኳን ከፈተች። ፎቶውን አሰፋችው። ክዳኑ ላይ የታሰረው አረንጓዴ ጨርቅ የራሷ የድሮ ሻሽ ቁራጭ ነው።

«ናስር፣» አለች፣ «ይሄ የኔ ጀሪካን ነው።»

ዐብዲናስር ጣሳውን ከአፉ አወረደ። ነጭ ጢም በቅሎበታል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ! ሻሼን አላውቅም?»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ ሳዳ፣ የዓይኑ ምስጢራዊ ማኅበር አባል መሆንሽን ለምን ደበቅሽኝ?»

እዚህ ላይ ሳዳ በጥፊ አጮለችው ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። ግን አላጮለችውም። ቁጭ ብላ አሰበች። ሳላውቅ አስገብተውኝ ይሆን? ያን ጊዜ ለሲም ካርድ ስፈርም? ወተቱን ከቱሊ ጉሌድ የሚጭንልኝ የአክስቴ ልጅ ሮብሌስ ሰሞኑን ዝም ዝም አላለም? እምነት ማለት ይህ ነው፤ ራሷን ጠረጠረች እንጂ በርጩማውን አልጠረጠረችም።

ፀሐዩ ግን ማኅበር አያውቅም፤ ወተቱን ሊያቆመጥጠው ነው። ይህ ሳይሸጥ ከቀረ ደግሞ፣ የቱሊ ጉሌድ ሴቶች ነገ ወተታቸውን ለሌላ ነጋዴ ይጭናሉ፤ ሳዳም ከወተት ተራ ተነቀለች ማለት ነው። ስለዚህ ዐብዲናስር በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገች። ደውላ ጠየቀች።

«ዋሪያ፣ አንተ ሮብሌ! ጀሪካኔ ላይ የምትስለው ዓይን የማን ዓይን ነው?»

«የምን ዓይን?»

«ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው!»

«እሱማ ቤቴ ነው። ከነጋዴው ከሳሃል ጀሪካን ጋር እየተምታታብኝ ነው፣ ምልክት አድርግበት ብለሽ ያዘዝሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ሳሃል ክቡን ቀድሞ ወሰደው፤ እኔ ቤት ሳልኩ።»

«መሃሉ ላይ ያለውስ?»

«ቀለሙ ቀጥኖ እየተንጠባጠበብኝ ነዋ! እኔ ራሴ እኮ መንገድ ላይ ነኝ፤ ከመኪናው ጋር እየመጣሁ ነው። ምን ሆናችኋል?»

ሳዳ ድምፁን ከፍታ የያዘችውን ስልክ ዘጋችና ዐብዲናስርን አየችው።

«እሱማ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ዐብዲናስር።

«ናስር! ወተቴ እየተበላሸ ነው!»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ዐብዲናስር ጣሳውን አየ፤ ጀሪካኑን አየ፤ በርጩማውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረጸ። «ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ። ቤት ነው። ነጥቡም የቀለም ጠብታ ነው።»

መልሱ እንደ አንበጣ ወረደ። «አስገድደውት ነው!» «ዓይኑን እያርገበገበ ነው፤ እርዱኝ ማለቱ ነው!» «ቤት አለ። የማን ቤት?» የሁሉም አለቃ ሆኖ የሚጽፈው ተሜ ነበር፤ በዐብዲናስር ቻናል ላይ ከዐብዲናስር በላይ የሚራቀቅ የሞባይል ጠጋኝ። «መምህራችን ተይዘዋል» ብሎ ጻፈ። «አጋጣሚ ይመስላችኋል?»

«እነዚህን ሰዎች እንዲህ እንዲያስቡ ያስተማራቸው ማነው?» አለ ዐብዲናስር በንዴት። ሳዳ መልስ አልሰጠችውም። ጥሩ ሴት ናት።

«ከጠረጠራችሁ ኑና ጠይቁ» ብሎ ዐብዲናስር ጻፈ። መጡ። ተሜ በባጃጅ፣ ሌሎቹ በእግር፣ ሁሉም ስልካቸውን እንደ ጋሻ ፊታቸው ላይ ደግነው። ፈርሂያም ከዳር ቆማለች። ሮብሌ ከአይሱዙው ሲወርድ ጣቶቹ በቀይ ቀለም እንደ ተነከሩ ነበሩ።

«አያችሁ! ደም!» አለ ተሜ።

«ቀለም ነው፤ አሽትተው» አለ ሮብሌ።

«ሳል እስቲ» አለ ዐብዲናስር፤ ባዶ ጀሪካን አቀረበለት። ሮብሌ ብሩሹን ነክሮ ሦስት ማዕዘን ሳለ። ከጫፉ አንዲት ጠብታ ወረደች፤ ጀሪካኑ ወገብ ላይ ያለው ሸንተረር ጋ ስትደርስ ቆማ ሰፋች። ዓይን!

ሰዉ ስልኩን አስጠግቶ ቀረጸ።

«ሆን ብሎ ነው ያንጠባጠባት» አለ ተሜ። «ሠልጥኖ ነው።»

«እሺ፣ አንተ ሳል» አለው ዐብዲናስር።

ተሜ ብሩሹን ተቀበለ። እንዳይንጠባጠብበት እጁን አጠነከረ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ ምላሱን አወጣ። ሦስት ማዕዘኑን እንደ ጨረሰ ጠብታዋ ወረደች፣ ሸንተረሩ ጋ ቆመች፣ ሰፋች፤ ተሜን አየችው።

«ማሻአላህ!» አለች ሳዳ። «እንኳን ወደ ማኅበራችን በሰላም መጣህ።»

ወተት ተራ በሳቅ ተናጋ። ፈርሂያ ሳቋን ሳትጨርስ «ለማንኛውም ዱቄቱ ሻዬን አበላሽቶብኛል» ብላ ዕቃዋን አቀረበች። የሳቀ ሰው ይጠማል፤ ምልክቱን ሊመረምር የመጣ ሁሉ ጣሳ ያዘ።

«ተሜ፣ አንተስ አትጠጣም?» አለው ሮብሌ።

«እኔ የግመል ወተት ጠጥቼ አላውቅም» አለ ተሜ። «ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝ።»

«ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ የጮህከው ለማን ነው?»

ተሜ ባጃጁን ፈለገ።

ከሰዓት ሳይደርስ የሳዳ ጀሪካን ተገልብጦ ተንጠፈጠፈ።

በማግስቱ ዐብዲናስር መጣ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ጠጣ። ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ሳዳ ብስኩት ገዝታ ፊቱ ቆረጠመች፤ ዝም። ዓለም ድንገት ባዶ ሆነባት። ባጃጁ ባጃጅ ብቻ፣ ነፋሱ ነፋስ ብቻ፤ ደንበኞቹ ደግሞ እንደ ድሮው ስለ ኑሮ ውድነት። ይህን ሰው እኛም ስንት ጊዜ ተሳለቅንበት፤ ዝም ሲል ግን ከተማው በሙሉ መብራት የጠፋ መሰለን።

አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ሳዳ አላስቻላትም።

«ናስር፣ ያ ባጃጅ ለምን ወደ ግራ ታጠፈ?»

«የሚሄድበት ወደ ግራ ሆኖ ይሆናል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ጣሳውን ሞላችለት፤ ጎንበስ ብላም «አጋጣሚ ይመስልሃል?» አለችው።

ዐብዲናስር ቀና አለ። ዓይኑ በራ። ስልኩን ከኪሱ መዘዘ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ መልሶ ከተተው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልጠይቀው» አለና በርጩማውን ገልብጦ ባጃጁን እየተከተለ ሮጠ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በጅጅጋ ጎዳና ስትሄድ «ቁም! አንዲት ጥያቄ ብቻ!» እያለ የሚከተልህ፣ ከንፈሩ ላይ ወተት የደረቀበት አጭር ሰው ካየህ፣ አደራህን ቁምለት። ለምን ወደ ግራ እንደ ታጠፍክም እውነቱን ንገረው። ስትነግረው ግን፣ በፈጠረህ፣ ዓይንህን እንዳታርገበግብ፤ ምክንያቱም አንዴ ካርገበገብክ...