የጋሼ ቀለም ምልክቶች

ሰዓሊ ጎረቤት ያለው ሰው መስታወት አያስፈልገውም፤ ትዕግሥት ግን ያስፈልገዋል። እኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩት ክቡር ጋሼ ቀለም (እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ከልብሳቸው የማይለቀው ቀለም ዋጠው) ሰውን እንዳለ ይስላሉ። የፊት መጨማደድ አይምሩም፣ ያለቀ ኮሌታ አያልፉም። እስከዚህ ድረስ ደግ። ጉዱ የሚመጣው ምልክቱ ላይ ነው።

ጫማ ሰፊውን ሳሉት። የተሰነጠቀው ጥፍሩ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው እራፊ፣ ሁሉም ቁጭ እሱን ነው። ጀርባው ላይ ግን እሳት የመሰለ ቀይ በር አሳዘሉት።

"ጋሼ፣ በሩ ምንድነው?"

"ምልክት ነው።"

"ካዘልኩ አይቀር ቤቱንም ቢጨምሩልኝ ምን አለበት?"

ዳቦ ጋጋሪዋ ትከሻ ላይ ደግሞ ብርቱካንማ ወፍ አስቀመጡ። ባልየው ሳምንት ሙሉ "ወፉ ማነው?" እያለ ነዘነዛት። እኔን ጋዜጣ ዘርግቼ፣ መላጣዬ ላይ ሐምራዊ እንቁላል ጭነው ሳሉኝ። የምን ምልክት እንደሆነ ብጠይቃቸው "ሲፈለፈል ታየዋለህ" አሉኝ። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት።

እናቴን ሲስሏት ነገሩ ሌላ ሆነ። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ስትወርድ ሁለት ጊዜ ደረጃ ስታ ወድቃለች፤ ሦስተኛውን ፈርቼ ብቻዋን እንዳትወርድ ከለከልኳት። "ታዲያ ልጄ፣ ከግድግዳ ጋር ላውራ?" ትለኛለች። ሥዕሏ ፊት ስትቆም የራሷን ፊት አልለየችውም። ጣቷን ግን ሥዕሉ ውስጥ እጇ ወደያዘው የክር ጥቅልል ዘረጋች።

"ይቺ ቢጫ ትታየኛለች" አለች።

ጋሼ ቀለም ወዲያው ብሩሻቸውን ይዘው ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት ቢጫ ዓይኔን ወጋኝ። ከደጃፋችን ጀምሮ የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ተቀብቷል። ታች ድረስ ተከትዬው ብወርድ ጋሼ ተንበርክከው የመጨረሻውን ይቀባሉ።

"ጋሼ፣ ደረጃውም አልቀረልዎት? ይሄስ የምን ምልክት ነው?"

ቀና ብለው ሞኝ እንዳየ ሰው አዩኝ።

"የምን ምልክት? ደረጃ ነው እንጂ። እናትህ ጠርዙ ይታያት ብዬ ነው።"

አፈርኩ። ለእኔ መከልከል እንጂ መቀባት አልታየኝም ነበር።

ቀለሙ ሲደርቅ እናቴ ግድግዳ ሳትደገፍ፣ ቢጫውን በእግሯ እየመረጠች ወረደች። እኔ ከላይ ቆሜ ደረጃውን አብሬያት እቆጥራለሁ። ታች ደርሳ "ልቆይ እችላለሁ፣ አትጠብቀኝ" አለችኝ።

ገብቼ ሥዕሌን ፊቱን መለስኩት። እንቁላሉን ዛሬም አልወደድኩትም፤ ሰዓሊውን ግን እወዳቸዋለሁ። ልብ ብዬ ሳየው እንቁላሉ ጫፉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ያኔ አላየሁትም ነበር።