ድረ ገጹን መቶ በመቶ የሞሉት አያ እጅጉ

ምንም ነገር የማይጥል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገራችን ገና አልተከፈተም። ቢከፈትም በሳምንቱ ይቀጠርለታል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለማስተምርባት ትንሽ የግል ኮሌጅ የደረሱን ክቡር አያ እጅጉ ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የተሰበረ ወንበር እግር፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ አለ። ይጣል ያላቸው ሰው እንደ ሰደባቸው ይቆጠራል። "ይቀመጥ፤ ምን ያስቸኩላል?" ይላሉ።

በ2005 ኮሌጁ ድረ ገጽ ሲያወጣ ጠባቂነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ጉዱ የጀመረው ያኔ ነው። ድረ ገጹ የሚቀመጠው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት በተከራየነው አንድ ጊጋባይት ቦታ ላይ ነው። ፎቶውም፣ ማስታወቂያውም፣ የመምህራን ኢሜይልም የሚገባው እዚያችው ጎተራ ውስጥ ስለሆነ አንዱ ከሞላት ለሌላው አይተርፍም። በእኛ አገር ደግሞ ልጅ ሲመረቅ ቀየው በሙሉ ይመጣል፤ ሰው ዘሎ ማለፍ ነውር ነው። አያ እጅጉ አጎቱን፣ ጎረቤቱን፣ የንስሐ አባቱን ሳይቀር አንድ በአንድ በካሜራ እያነሱ ድረ ገጹ ላይ ጫኑት። ተመራቂው ሠላሳ፣ ፎቶው ሦስት መቶ!

ግንቦት ላይ አንድ ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። ለሁለተኛ ዲግሪ ካመለከትሁበት ዩኒቨርሲቲ እፀገነት የምትባል ሠራተኛ ናት። "የቅበላ ደብዳቤህ ሦስት ጊዜ ተመለሰብን፤ ሞልቷል ይላል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ካልላክህ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።" የሚቀበሉት ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ ነው። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

እየሮጥሁ መዝገብ ቤት ገባሁ። "አያ እጅጉ፣ ቦታው ሞልቷል! ከአከራዩ ድርጅት ማስጠንቀቂያ አልመጣልዎትም?"

"መጥቷል እንጂ!" አሉና ፋይል አወጡ። የመጣውን ሁሉ አትመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም አድርገውበታል። ሰማንያ በመቶ፣ ዘጠና አምስት በመቶ። "እያት የመጨረሻይቱን፤ መቶ በመቶ! ማን ደረሰብን?"

ክው ብዬ ቀረሁ። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ሁሉ ዕቅዱ የሚለካው በመቶኛ ነበርና የአፈጻጸም ሪፖርት መስሏቸዋል።

"ፎቶውን ያጥፉት!" ብዬ ጮህሁ።

"እኮ የማንን ፊት ላጥፋ? አንተው ንገረኛ።" አንዱን ከፈቱ። "እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው፤ ከማንኩሳ በእግራቸው የመጡ። እኒህ የተመራቂው የዘሩ አባት ናቸው፤ ከጅጋ የመጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ላጥፋቸው?"

ዕድሌ ሊያመልጠኝ ነው፤ ግን አንድ ሽማግሌ መርጦ ማጥፋት አቃተኝ። አሥር ተኩል ሆነ።

አያ እጅጉ አንድ ፎልደር መረጡና አጠፉት። እፀገነት ደብዳቤውን እንደገና ላከችው፤ ስድስት ደቂቃ ሲቀር መልሴ ሄደ። አቅፌ ሳምኋቸው።

"ለመሆኑ የማንን አጠፉ?"

"የአደይን ሠርግ።"

አደይ ልጃቸው ናት፤ ከእኛው ኮሌጅ ተመርቃ አምና የተዳረች። ካሜራውን ሌላ ሰው የያዘው የዚያን ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ሁሉ የሰው ክምር ውስጥ የእሳቸው ፊት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከቅድሙ የባሰ ደነገጥሁ፤ በእኒህ ሰው ስንቴ እንደ ሳቅሁ ትዝ አለኝና አፈርሁ።

"ኮፒ አለዎት አይደል?"

"ኮፒ ምን ያደርጋል?" አሉ ፋይላቸውን እየመለሱ። "የሌላው የሰው አደራ ነው። እኔን እንደሁ በየቀኑ ታየኝ የለም?"

ለመስከረም ግን እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሂያጅ ነኝ።