የጦሳ ግርጌ ዩራኒየም ኩባንያ

[እሑድ ረፋድ፣ 1972 ዓ.ም.፣ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ። በአንድ የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ በግ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። አናቱ እንደ ቤት ክዳን ያዘቀዘቀ ነው፤ እላዩ ላይ የታጠበ ጋቢ ተዘርግቶበታል። የጋቢውን አንድ ጫፍ የቤቱ ባለቤት ኑርሁሴን ይዟል፤ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጭነት እየጫነና እያወረደ የሚያድር ጎልማሳ ነው። ሌላውን ጫፍ ጎረቤቱ ጋሼ ስማቸው ይጎትታሉ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በቆዳ ማንገቻ የተንጠለጠለች ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ሸጉጠው።]

ስማቸው፦ አንሣ! ይሄን ጨርቅ ከኩባንያው ላይ አንሣ አልኩህ!

ኑርሁሴን፦ ጋሼ፣ የእናቴ ጋቢ እኮ ነው። ሚስቴ ሐዋ ነች ያሰጣችው፣ ፀሐይ ሳለ ይድረቅላት ብላ።

ስማቸው፦ ዩራኒየም ላይ ልብስ ይሰጣል?

ኑርሁሴን፦ ወላሂ ቶሎ ያደርቃል።

ስማቸው፦ ያደርቃላ! ጉልበቱ ነዋ! ከዚህ ድንጋይ አንድ ጭብጥ ብትወስድ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን ምርቃት ጨምሮ ዓመት ሙሉ ያበራል።

ኑርሁሴን፦ ታዲያ ማታ ማታ ለምን አያበራም? ትናንት ሐዋ ውኃ ልትደፋ ወጥታ ተደናቅፋበት የእግር ጥፍሯ ተነቀለ።

ስማቸው፦ ድንችን ጥሬውን ትበላለህ?

ኑርሁሴን፦ አልበላም።

ስማቸው፦ ትቀቅለዋለህ።

ኑርሁሴን፦ [ድንጋዩን በጭንቀት እያየ] ይሄ የሚገባበት ድስት ግን ሰፈር ውስጥ የለም፣ ጋሼ።

[ጋሼ ስማቸው ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ኩባንያ ያቋቋሙት ወደው አይደለም፤ ድንጋዩ የተገኘው እሱ ደጅ ላይ ነው። እሳቸው እኮ የሰፈሩ ዓይንና ጆሮ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ያለችው ሬዲዮ የሳቸው ብቻ ነች። ቀን ቀን የስድስት ሰዓቱ ዜና ሲደርስ ሕዝቡ በርጩማ በርጩማውን ይዞ በራቸው ላይ ይሰበሰባል፤ ሬዲዮዋ ከሚስማሯ ላይ ትናገራለች፣ እሳቸው ኋላ ያስረዳሉ። መሐል ላይ ያስነጠሰ እንኳ «ዜና ላይ አይወራም!» ይባላል።]

ስማቸው፦ ና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላሳይህ። [ሬዲዮዋን እንደ አራስ ልጅ በጀርባዋ ድንጋዩ ላይ አስተኟት። ወዲያው «ጥጥጥ… ቅጭጭ… ጥጥጥ» አለች።] ሰማህ?

ኑርሁሴን፦ ሰማሁ።

ስማቸው፦ [አንሥተው በማንገቻዋ አንጠለጠሏት] አሁንስ?

ኑርሁሴን፦ ክራር።

ስማቸው፦ በቃ! ከድንጋዩ ስትለይ ክራር፣ ድንጋዩን ስትነካ ጥጥጥ። የፈረንጆቹም ሳጥን ዩራኒየም ሲሸተው እንዲህ ነበር የሚንጣጣው። በንጉሡ ጊዜ ስድስት ወር አፋር በረሃ ለበረሃ አብሬያቸው ማዕድን ፈልጌያለሁ እኮ!

ኑርሁሴን፦ ድንኳን ጠባቂ ነበርኩ ብለውን አልነበረም?

ስማቸው፦ ሳጥኑ የት ነበር የሚያድር?

ኑርሁሴን፦ ድንኳን ውስጥ።

ስማቸው፦ እንግዲያማ!

ኑርሁሴን፦ እሽ። ግን እንዲያው ከምትተኛ ድንጋዩ ላይ ቢያቆሟትስ?

ስማቸው፦ በዚህ ቁልቁለት? ተንሸራታ ብትሰበር ትተካልኛለህ? ባለፈው ሰኔ ከሚስማሯ የወደቀች ለት እኔ ነኝ የወደቅሁት!

ኑርሁሴን፦ እኔም እኮ የምለው እሱን ነው። ያን ለት ከወደቀች ወዲህ ይቺ ሬዲዮ—

ስማቸው፦ ዝም!

ኑርሁሴን፦ ዝም። [ጋቢውን አጠፈ፤ ትከሻው ላይ ጣለው።] በሺር ድንጋዩን ስጠኝ ብሎኛል።

ስማቸው፦ የቱ በሺር?

ኑርሁሴን፦ የኮምቦልቻው ነዋ፣ የከባድ መኪናው ሹፌር። ትናንት እዚህ አጠገብ ሲሚንቶ ሊያወርድ መጥቶ ድንጋዩን አየና ቀጥ አለ። ዞረው። በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው። «አላሁ አክበር! እንዲህ ያለ ስፈልግ ዓመቴ ነው» አለኝ።

ስማቸው፦ [ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ] ዓመቴ ነው አለ?

ኑርሁሴን፦ ለምን እንደፈለገውም ነግሮኛል። ለ—

ስማቸው፦ አትንገረኝ! የነገረህ ሁሉ ውሸት ነው! ኩባንያ ሊጠቀልል የመጣ ሰው እውነቱን ይናገራል?

ኑርሁሴን፦ መጠቅለል ደግሞ ምንድን ነው?

ስማቸው፦ በውጭ አገር እንዲህ ነው። ትንሹ ኩባንያ ይፈልጋል፣ ይቆፍራል፣ ያገኛል። ትልቁ ደግሞ አድብቶ ይቆይና መጥቶ ይውጠዋል። የተዋጠው ይከብራል!

ኑርሁሴን፦ የሸህ ሙሄዲን ወፍጮ ቤት በስድሳ ሰባት የተዋጠ ጊዜ እሳቸው ከብረው ነበር?

ስማቸው፦ [አጥሩን አየት አድርገው] ቀስ በል! ያ መወረስ ነው፤ ይሄ መጠቅለል ነው።

ኑርሁሴን፦ ምን ለየው?

ስማቸው፦ ሲወርሱህ አይጠይቁህም። ሲጠቀልሉህ ይጠይቁሃል።

ኑርሁሴን፦ የተዋጠው ግን ያው ሆድ ውስጥ ነው?

ስማቸው፦ ሆድ ሆድ አትበልብኝ! አክሲዮንህ የት አለ?

ኑርሁሴን፦ [ከኮፊያው ሥር አምስት የሲጋራ ካርቶን ቁራጮች አወጣ፤ እያንዳንዷ ላይ በቀይ ስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎባታል] ይኸው። ጋሼ፣ እኔ እንደገባኝ ይሄ ነገር የርቢ ነው። ላሚቱ የእርስዎ፣ ግጦሹ የኔ፣ ጥጃው ለሁለት።

ስማቸው፦ ጎሽ! ዛሬ ገና ገባህ።

ኑርሁሴን፦ መቼ ይሆን የሚወልድ?

ስማቸው፦ ድንጋይ አይወልድም፣ አንተ!

ኑርሁሴን፦ መሲና ላም ነው ታዲያ ያረባነው?

ስማቸው፦ [ግንባራቸውን ጠረጉ] ስማኝ። አሥር አክሲዮን አለን፣ አምስት አንተ፣ አምስት እኔ። አምስት ለአምስት ማለት አንድ መሪ የጨበጡ ሁለት ሹፌሮች ማለት ነው። በሺር መጥቶ «ማን ነው አዛዡ?» ሲል እኔና አንተ ስንተያይ ይስቅብናል። ስድስት የያዘ ያዛል። አንዷን ልቀቅልኝ።

ኑርሁሴን፦ ጋሼ፣ ቀበሌ ይህን ቢሰማስ? መሠረተ ትምህርት ላይ «ቡርዣ ማለት ማን ነው? ምሳሌ ስጡ» ሲሉን እርስዎን ልል እጄን አንሥቼ ነበር፤ አዘንኩና አወረድኩት።

ስማቸው፦ ደግ አደረግህ! የሚጠይቅ ከመጣ የድንጋይ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው በል። አሁን አንዷን!

ኑርሁሴን፦ አንዷንማ አልነጥልም። ከለመዷት እኅቶቿ? ከሄዱ አምስቱም አብረው ይሂዱ።

[ጋሼ ስማቸው ካርቶኖቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። አምስቱም! የዚህ ሰው ጅልነት እንዲህ የሚያስከብር መሆኑን እስከዛሬ አላወቁም ነበር።]

ስማቸው፦ ካፖርቴን ውሰድ።

ኑርሁሴን፦ በኮምቦልቻ ሙቀት ኩንታል ተሸክሜ ካፖርት? ሬሳዬን ነው የሚያመጡት።

ስማቸው፦ ጃንጥላዬን።

ኑርሁሴን፦ አንድ ጎኗ የለም እኮ።

ስማቸው፦ ባለው ጎን ትጠለላለህ! ምን ልስጥህ ታዲያ? በእመቤቴ፣ ተናገር!

ኑርሁሴን፦ [መሬት መሬት እያየ] ሬዲዮዋን።

[ጋሼ ስማቸው ሬዲዮዋን በሁለት እጃቸው አቀፏት።]

ስማቸው፦ ምን አልክ?

ኑርሁሴን፦ ለኔ አይደለም፣ ጋሼ። እናቴ ኡሙሰልማ ከአልጋ ከዋለች ዓመት ሞላት። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሐዋ ገበያ ነች፤ እሷ ከግድግዳው ጋር ስታወራ ትውላለች። ግድግዳ ደግሞ አይመልስም።

[ጋሼ ስማቸው ሬዲዮዋን አዩ፤ ድንጋዩን አዩ። ያለ እሷ እሳቸው ምን ናቸው? አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ። ግን ደግሞ በሺር ገንዘቡን ሲዘረግፍ፣ አዲስ አበባ ወርደው፣ ያቺን ምስል የምታሳየዋን ቴሌቪዥን ገዝተው፣ በታክሲ ጭነው… ሰፈሩ በርጩማ ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ይዞ ሲመጣ ታያቸው።]

ስማቸው፦ ይሁን! ወረቀት አምጣ!

ኑርሁሴን፦ እሽ። ግን በአላህ፣ ከመፈራረማችን በፊት ሁለት ነገር ልንገርዎ፤ ሐራም እንዳይሆንብኝ። አንዱ ስለ ሬዲዮዋ ነው፣ አንዱ ስለ በሺር።

ስማቸው፦ [«ነቃ!» አሉ በልባቸው፤ «ዋጋ ሊጨምር ነው!»] ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ውሉ ፈረሰ!

ኑርሁሴን፦ እንዲያ ካሉማ ዝም። አላህ ምስክሬ ነው።

ስማቸው፦ [ጉልበታቸው ላይ እየጻፉ፣ እያነበቡ] «ከዛሬ ጀምሮ ድንጋዩ ከነሙሉ ሀብቱ የስማቸው ነው። ሬዲዮዋ የኑርሁሴን ነች። ተጸጸትኩ ያለ ጅል ይባል።» ጣትህን አምጣ፣ ቀለም ልቀባህ።

ኑርሁሴን፦ ጣት ቀረ፣ ጋሼ። [ስክሪብቶውን ተቀብሎ ምላሱን ነክሶ «ኑ… ር… ሁ… ሴ… ን» ብሎ ጻፈ።] አሁን መናገር ይቻላል?

ስማቸው፦ [አሥሩንም ካርቶን ደረት ኪሳቸው ከተው] አሁንማ ዝፈን ከፈለግህ! በሺር ስንት ይሰጣል?

ኑርሁሴን፦ ምንም። ለታኮ ነው የፈለገው።

ስማቸው፦ ለምን?

ኑርሁሴን፦ ለታኮ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭኖ ሲቆም መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚወተፍ። እንዲህ አናቱ ያዘቀዘቀ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም አለኝ።

ስማቸው፦ [እስኪያስላቸው ሳቁ] አንተም አመንከው! ሬዲዮዋ ትዋሻለች? አስተኛት እስቲ!

ኑርሁሴን፦ [አስተኛት። «ጥጥጥ።»]

ስማቸው፦ ይኸው!

ኑርሁሴን፦ ቆይ፣ አሁን ደግሞ እኔ ላሳይዎ። [ሬዲዮዋን ሣሩ ላይ በጀርባዋ አስተኛት። «ጥጥጥ።» በርጩማ ላይ አስተኛት። «ጥጥጥ።» የጋሼ ስማቸውን ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ በአክብሮት አንሥቶ እሱ ላይ አስተኛት። «ጥጥጥ… ቅጭጭ።»]

ስማቸው፦ [ለረጅም ጊዜ ባርኔጣቸውን ካዩ በኋላ፣ በቀስታ] ባርኔጣዬም ውስጥ አለ?

ኑርሁሴን፦ የለም፣ ጋሼ። ከሚስማሯ ከወደቀች ወዲህ በጀርባዋ መተኛት አትወድም። እርስዎ ቤት ተንጠልጥላ ስለምትውል አላወቁባትም። [ቀና አድርጎ ይዞ ድንጋዩን አስነካት። ክራር፣ ጥርት ያለ ክራር።]

[ጋሼ ስማቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው ደፉ። ያ ክራር ዕድሜ ልካቸውን ከሰሙት ሁሉ የከፋ ዜማ መሰላቸው።]

ስማቸው፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ…!

ኑርሁሴን፦ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። አንዴ «ዝም» አሉኝ፣ አንዴ «አትንገረኝ»፣ አንዴ «ውሉ ይፈርሳል»። አሁንም ከተጸጸቱ—

ስማቸው፦ [ውሉን ገለጥ አደረጉ። «ተጸጸትኩ ያለ ጅል ይባል።» የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ያውም እንዴት ያማረ!] ማን ተጸጸተ? ተጸጸትኩ ያለህ ሰው አለ?

ኑርሁሴን፦ እንኳን። [ሬዲዮዋን በመስኮቱ ደፍ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» አለ። ከውስጥ የእማማ ኡሙሰልማ ድምፅ «አብሮ ይስጥልን ልጄ! እናትህ ደኅና ናት?» ሲለው ተሰማ።]

[ሰፈርተኛው በርጩማውን ይዞ ጋሼ ስማቸው በር ላይ ደርሶ፣ ሚስማሩ ባዶ ሆኖበት፣ ድምፅ ተከትሎ መጣ። አባይነሽ መጣች፤ ሀምዱ መጣ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወርቅአፈራሁም መጡ። ሁሉም ተቀመጠ። በርጩማ ይዘው መምጣት ለምደው የማያውቁት ጋሼ ስማቸው ብቻ ቆመው ቀሩ።]

ኑርሁሴን፦ ጋሼ፣ ለምን ይቆማሉ? ድንጋዩ የእርስዎ አይደል? ይቀመጡበት እንጂ። ከሰፈሩ ሁሉ ለዜና የራሱ ቋሚ መቀመጫ ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት።

[ተቀመጡ። ትንሽ አንሸራተታቸው፤ ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቆናጠጡት። በዚህ መሐል ከመንገዱ የከባድ መኪና ጥሩንባ ጮኸ።]

ኑርሁሴን፦ በሺር ነው፤ ለድንጋዩ። ከሰጡት ኮምቦልቻ ድረስ በጋቢና በነፃ እወስዳቸዋለሁ ብሏል።

ስማቸው፦ ከሰጠሁት… ዜናውን በምን እሰማለሁ?

ኑርሁሴን፦ ቆመው።

[ጋሼ ስማቸው መንገዱን አዩ። በርጩማዎቹን አዩ። ከሥራቸው ያለውን ድንጋይ ዳሰሱት፤ ሙቅ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያረፈደ። ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።]

ስማቸው፦ [ወደ መንገዱ፣ እስከ ጦሳ አናት በሚሰማ ድምፅ] ወደ መጣህበት ተመለስ! ለላኩህም ንገር! የጦሳ ግርጌ ዩራኒየም ኩባንያ አይጠቀለልም! አሥሩም አክሲዮን እኔ እጅ—

[ጓድ ወርቅአፈራሁ ቀስ ብለው ዞሩ።]

ኑርሁሴን፦ ጋሼ።

ስማቸው፦ አቤት?

ኑርሁሴን፦ ዜና ላይ አይወራም።