ሦስት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ጓጓ

ስፓኒሽ በሚነገርበት አገር ሁሉ፣ በየሰፈሩ አንድ የቋንቋ ባለአደራ አይጠፋም። የሾመው የለም፣ የሚሽረውም የለም። በደሴታችን ያለችው የባኒ ከተማ ባለአደራ ክቡር ዶን ቤላርሚኒዮ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ የአውቶብስ ፌርማታችን የዘወትር አድማቂ።

"ስፓኒሽ የተወለደው ስፔን ውስጥ፣ ካስቲያ ነው" ይላሉ ዶሚኖ እየተጫወቱ። "ባሕር ተሻግሮ መጀመሪያ የረገጠው ግን የኛን ደሴት ነው። ሌላው ከኛ ተውሶ ነው ያበላሸው።"

"ታዲያ በየቃሉ መጨረሻ ያለውን 'ስ' ለምን እንውጠዋለን?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አልዋጥነውም። መርከቡ ላይ ጭነት ሲበዛ ተጣለ።"

አንድ ኩባዊ ፓፓያ ፈልጎ፣ እንደ አገሩ ወግ "የቦምብ ፍሬ አለ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ዶን ሱቅ ሙሉ ሰው አስወጥተዋል።

ልጃቸው ዮካስታ ቺሊያዊ አግብታ የቺሊዋ ሳንቲያጎ ገባች፤ አነጋገሯም ተለወጠ። በስልክ ባወራች ቁጥር ያርሟታል። በመጨረሻ "አባዬ፣ እኔን ስማኝ እንጂ ቃሌን አትልቀም" ብላ ዘጋችባቸው። ለወራት ድምጿ ጠፋ። ዶን ምግብ እንኳ አልበላ አላቸው።

ባለፈው ወር መልእክት ላከች፦ "አባዬ፣ ጓጓ ቅዳሜ ትመጣለች።"

ጓጓ እኛ ዘንድ አውቶብስ ነው።

"ልጄ ልትመጣ ነው" አሉ ዶን።

"ከቺሊ በአውቶብስ?" አልኳቸው።

"ከአየር ማረፊያው ነዋ፣ አንተ ደነዝ።"

ቅዳሜ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጓጓን ጓጉተው ሲጠብቁ ዋሉ። አንዷ በቆመች ቁጥር ይነሳሉ፤ ስትሄድ ይቀመጣሉ። ሳያቸው አንጀቴን በሉት። አመሻሽ ላይ አማቻቸው ደወለ።

"ዶን ቤላርሚኒዮ፣ ጓጓ መጣች!"

"አልመጣችም። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።"

"መጣች እኮ። ሦስት ኪሎ ተኩል ትመዝናለች።"

"ሦስት ኪሎ ተኩል? ምን ዓይነት አውቶብስ ነው እሱ?"

ከወዲያ ሳቅ፣ ከሳቁ ኋላ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

"አባዬ" አለች ዮካስታ፣ "እዚህ ጓጓ የሚሉት ሕፃን ነው። አያት ሆንክ።"

ዶን ሊያርሟት አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባቸው ቀደማቸው።

ከዚያ ወዲህ መከራችንን አየን። "ጓጓ መጣች" ያለ ሁሉ፣ "ያ አውቶብስ ነው። ጓጓ የልጅ ልጄ ናት" ይባላል። ትናንት በአንደኛዋ እስከ አየር ማረፊያው ተሳፍረው ሁለተኛዋን ሊያዩ ቺሊ ሄዱ፤ ሳትበላሽ በፊት ትክክለኛ ስፓኒሽ ሊያስተምሯት።

ዛሬ ጠዋት ፌርማታው ላይ ሆን ብዬ አንድ ቃል አጣምሜ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ናፈቁኝ። ቶሎ ካልተመለሱልን ተበላሽተን ማለቃችን ነው።