የጋሼ ኢዮስያስ መቀመጫ የሌለው ሳይክል

በየከተማው አንድ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አሰልጣኝ አለ። አንዱ ኳስ ያሠለጥናል፣ አንዱ መዘምራን፣ አንዱ የሰው ትዳር። የዲላው ደግሞ በሞተር የሚሄደውን ሰው ሁሉ በሳይክል ያሠለጥናል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል አጥር የሚዋሰነው ከእኔ ጋር ነው። ምን በወጣኝ!

ክቡር አሰልጣኝ ጋሼ ኢዮስያስ ሞተር ጠጋኝ ናቸው። እስከ የዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ ጤነኛ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ግን በስልካቸው ፈረንጆች በሞተር ቋጥኝ ላይ ሲወጡ አዩ። ጨዋታው ትሪያል ይባላል። ሩጫ የለበትም። ድንጋዩንና ዳገቱን ቀስ ብሎ፣ እግር መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ይቆጠርበታል።

«ይሄማ ወደ ቡሌ የሚያወጣው መንገዳችን ነው!» አሉ ጋሼ። «እነሱ ለጨዋታ ድንጋይ ይደረድራሉ፤ እኛ ተደርድሮ ጠበቀን።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። አላቆሙም። እነዚያ ፈረንጆች ሞተሩን ሲያሳርፉት በሳይክል እንደሚለማመዱም አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዣቸው የገባ ሰው ሁሉ «ሳይክል የሞተር ፊደል ነው» ሳይባል አይወጣም። «ሞተር ስሕተትህን በነዳጅ ይሸፍንልሃል፤ ሳይክል ግን አይዋሽልህም» ይላሉ ደግሞ። ቡና የሚያመላልሱት ሞተረኞች በትሕትና እየሰሙ ቁልፋቸውን ተቀብለው ይሸሻሉ። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ወዴት ልሽሽ?

የኔን ጉዳይ ላስረዳ። ክትባት አመላላሽ ነኝ። በረዶ ያለበት ሳጥን ከሞተሬ ኋላ አስሬ ከዲላ ወደ ቡሌ፣ ከቡሌም በላይ ወዳሉ ቀበሌዎች አደርሳለሁ። ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ ከቡሌ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሁለቴ ወደቅኩ። ሁለቴም ሳጥኑ ተከፍቶ ክትባቱ ተበላሸ። አለቃዬ ሲስተር ሳሮን ጨዋ ሴት ናት፣ አልተቆጣችም። «ጋሽ ዘርትሁን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቁ ቁልፉን ያስረክቡኛል። መጋዘን ውስጥ ቦታ አለ» አለችኝ በቀስታ።

መጋዘኑን አውቀዋለሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ካርቶን መጠበቅ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ወገቤ ያመኛል፣ መንገዱም ታክቶኛል። ግን እላይ ያሉት እናቶች የሞተሬን ድምፅ ለይተው ነው ልጆቻቸውን አዝለው የሚወጡት። ሞተሬን ልቀማ አልፈለግኩም።

ይህን ለሚስቴ ለብዙነሽ በሹክሹክታ ነገርኳት። አጥሩ ሰማ መሰለኝ፣ በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የግቢያችን በር በጎማ መንፊያ ተደበደበ።

«ወንድም ዘርትሁን! እግር መሬት አይነካም!»

ሳይክሉ መቀመጫ የለውም። ራሳቸው ፈትተው ጥለውታል። «የሞተረኛ ትልቁ ጠላት መቀመጫው ነው» ይላሉ፤ ቆሞ መሄድ አለበት። ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ አሮጌ ጎማ ተደርድሯል። በዚያ ላይ ፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ፍሬን ይዤ፣ ሳልንቀሳቀስ እንድቆይ ያዙኛል። እስቲ ሞክሩት! አሥር እስኪቆጥሩ የኖርኩት ዕድሜ ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ስወድቅ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። እንቁላሉ እንኳ በእግሩ ተፈቅዶለታል፣ የተከለከልኩት እኔ ነኝ።

ከግቢው ፊት ለፊት የፈይዛ ሱቅ አለ። ፈይዛ ስኳር እየመዘነች አንገቷን ሳታዞር ትቆጥርልኛለች። «ጋሽ ዘርትሁን፣ አራት!» ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ «ምኑ ነው አራት?» ይላል፤ ታስረዳዋለች። በሳምንቱ ገበያ የሄደችውን ብዙነሽን ሽንኩርት ሻጯ «የባልሽ እግር እንዴት ዋለ?» ብላ ጠየቀቻት።

ጋሼ ኢዮስያስ ቦታ አይመርጡም። ለቅሶ ቤት አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። «ስትመጣ አይቼሃለሁ። እግርህ ከመታጠፊያው ጀምሮ ወርዶ ነበር» አሉኝና ተመልሰው አዘኑ።

የረቡዕ የቤት ጸሎት ተራው የእኛ ነበር። የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል አንዷ ስለልጇ ፈተና፣ አንዱ ስለ ስኳር በሽታው ተናገረ። ክቡር አሰልጣኝ ብድግ አሉ። «የወንድም ዘርትሁን ግራ እግር» አሉ። «መሬት እንዳይነካ።» ቤት ሙሉ ሰው አሜን አለ። የብዙነሽ አሜን ከሁሉም ጮክ ያለ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ አሜን አላልኩም።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ክረምቱ ገባ። አንድ ሐሙስ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲዘንብ አድሮ፣ ሳጥኔን ላስር ስል ጋሼ ኢዮስያስ ሄልሜት አድርገው በሬ ላይ ቆመዋል።

«ዛሬ ፈተናህ ነው። ከኋላህ ተቀምጬ አየዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሳጥኑስ የት ይታሰር?»

«ታቅፈዋለሁ።»

መከራከር ደከመኝ። ሄድን።

ከቡሌ በላይ ያ ዳገት እንደተለመደው ጠበቀን። ቀይ ጭቃ፣ በጭቃው መሀል ድንጋይ፣ በግራ በኩል ገደል። ሞተረኛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሁለት እግሩን አውርዶ ጭቃውን እየቀዘፈ ነው የሚወጣው። እኔም ሁለቴ ስወድቅ እየቀዘፍኩ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ «ተነሥተህ ቁም! ዓይንህን ከጎማው አንሣ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ቆምኩ። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ይዤ የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፍኩ። ሁለተኛውንም። ማመን ያስጠላኛል ግን ሰውነቴ ያውቀዋል፤ ያ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፣ ያ ጎማ ነው። ደስ አለኝ። ነዝናዛው ወገቤ እንኳ ዝም አለ። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ስንደርስ የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ወደ ገደሉ ዞረ።

እግሬን ማውረድ ነበረብኝ። ጤነኛ ሰው ያወርዳል። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ተቆጥሮበት፣ ሱቅ ሙሉ ሰው ስቆበት፣ ቤት ሙሉ ሰው ጸልዮበት፣ ግራ እግሬ እንቢ አለኝ። ከመርገጫው ላይ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ተጋደመ፣ ገደሉን አየሁት፣ ሳጥኑ አለቀለት፣ እኛም አለቀልን አልኩ።

አላለቀልንም። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዞር ስል ክቡር አሰልጣኝ ሁለቱንም እግራቸውን አውርደው ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተተክለዋል። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ይዘውታል፣ ሞተሩን ደግፈው የያዙት በጉልበታቸው ነው። ፊታቸው በሕመም ተጨማዷል።

«ምን ታየኛለህ? ነዳጅ ስጥ!»

ሰጠሁ። ድንጋዩን አልፌ ደልዳላው ላይ ስቆም ጋሼ ሳጥኑን ተሸክመው፣ እያነከሱ፣ በአንድ ጫማ መጡ። ሌላው ጫማ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ልመለስና ላውጣው ብላቸው «በረዶው!» ብለው ጮኹብኝ።

ጤና ኬላው ስንደርስ የጤና ሠራተኛዋ ትጊ ሳጥኑን ከፈተች። «በረዶው አልቀለጠም» አለች። እናቶቹ ከዝናቡ ተጠልለው በረንዳው ላይ ተሰልፈው ነበር። ጋሼ ኢዮስያስ አንድ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ የመጨረሻው ሕፃን እስኪከተብ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በሦስት ዓመት ውስጥ ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲላ ስንገባ ፈይዛ ከሱቋ ወጣች። «ጋሼ፣ ስንት?»

«ዜሮ!» አሉ፣ ከተማው እንዲሰማ።

«ወላሂ?»

ያበጠውን ባዶ እግራቸውን አየሁት። «ጋሼ» አልኩ ዝቅ ብዬ፣ «የእርስዎ ሁለት እግርስ?»

«የኋላ ሰው እግር አይቆጠርም።»

«የት ተጽፎ?»

«ዛሬ ነው የወጣው።»

በማግሥቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ በሬን የመታው የለም። ሐኪም ለሁለት ሳምንት ከአልጋ እንዳይወርዱ ብሏቸዋል። በመጨረሻ ልተኛ ነው ብዬ ተገላበጥኩ። ብዙነሽም «ተኛ እንጂ፣ የተመኘኸው አይደል?» አለችኝ። ተገላበጥኩ። ዝምታው አላስተኛኝ አለ።

ተነሥቼ ወደ ግቢያቸው ገባሁ። ያን መቀመጫ የሌለው ሳይክል ይዤ፣ በተኙበት ክፍል መስኮት ሥር ፔዳሉ ላይ ቆምኩ። አሥር ሳልሞላ ወደቅኩ።

«ጋሼ፣ አንድ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ አልጋቸው ድረስ እንዲሰማ።

ከውስጥ አልጋቸው ተንቋቋ።

«አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው! ሁለቱም ሲያርፉ ሰምቻለሁ!»

እውነታቸውን ነው፣ ሁለት ነበር።