አያ ቆሮሶ የጨፈረ ቀን

ተረት ተረት! «የላም በረት» እናንተ በሉልኝ፤ እኔ ልቀጥል።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ፣ ከኩሬ ሥር ጥቁር ዘይት ተገኘ። ያገኘው አያ ጅቦ ነበር። ከተራራው ማዶ ያሉ አውሬዎች ለእሳታቸው ዘይት ይፈልጉ ስለነበር፣ ቆፍሮ ሊሸጥላቸው ቋመጠ። ለቁፋሮው ግን ብድር አስፈለገው። ለጅብ ደግሞ ማን ዋስ ይሆናል? ስለዚህ የጫካው የጋራ ጎተራ ዋስ እንዲሆነው አንበሳን ለመነ።

«ብትከስርስ?» አለ አንበሳ።

«ብከስርማ ጎተራው ይከፍላል! የኔ ጭንቀት ምንድን ነው?»

ይህ መልስ አንበሳን አረካው። ነገር ግን በጫካው አንድ ሕግ አለ፤ ጎተራው ውሃ ለሚበክል ወይም ነዋሪ ለሚያፈናቅል ሥራ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ቀጭኔ መርማሪ ተደርጎ ተሾመ። ቀጭኔ የተማረ ነው፣ ጎንበስ ማለት ግን አይወድም። ኩሬውን ከላይ ተመለከተና «ሰማይ ይታየኛል፤ ሰማይ ደግሞ ንጹሕ ነው» ብሎ መሰከረ።

የቀረው ነዋሪዎቹን መጠየቅ ነበር። ጉባኤው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እመት እንቁራሪት የኩሬውን ሽማግሌ ዓሣ፣ አያ ቆሮሶን፣ ውሃ በሞላ ቅል ውስጥ አድርጋ እያለከለከች ደረሰች።

«ጌቶቼ፣» አለ ቆሮሶ ከቅሉ ውስጥ፣ «ኩሬው ከተቆፈረ ልጆቼ...»

«ቆይ!» አለ ቀጭኔ። «ባለጉዳይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ቅል ውስጥ ተጋድሞ አቤቱታ የት አገር ነው ያየኸው? ውጣ!»

«ኧረ ከውሃ ከወጣ ይሞታል!» አለች እንቁራሪት።

«ሥርዓት ነው፣ እመት።»

አያ ቆሮሶ ልጆቹን አሰበ። ከቅሉ ዘለለና መሬት ላይ ወደቀ። እየተንፈራገጠ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ጉባኤው ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ።

«ምንም አላለም፤ ተቃውሞ የለውም» አለ ቀጭኔ።

«እንዲያውም በደስታ እየጨፈረ ነው!» አለ ጅቦ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ጦጣዎቹማ እስክስታ ወረዱ።

እንቁራሪት ቆሮሶን አፋፍሳ ወደ ቅሉ መለሰችው። «እሺ እኔ ልናገርለት! እኔ የብስ ላይ መናገር እችላለሁ!»

«አንቺማ የብስም ላይ ትኖሪያለሽ» አለ ቀጭኔ። «ኩሬው ቢጠፋ መሄጃ አለሽ። ስለዚህ ተጎጂ አይደለሽም።»

ቁፋሮው ተጀመረ፤ ኩሬው ጠቆረ። አያ ቆሮሶ ከነልጆቹ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ተንሳፈፈ።  ጅቦ የሸጠውን ሸጦ ከተራራው ማዶ ቀረ፤ ዕዳውን ጎተራው ከፈለ። በዚያ ክረምት አይጥ እንኳ ከጎተራው ባዶ እጇን ተመለሰች።

በጋ ሲሆን ሌላው ውሃ ሁሉ ደረቀ። አንበሳ መኳንንቱን አስከትሎ ወደ ኩሬው ወረደና ጎንጨት አለ። ወፍራሙ ዘይት ጉሮሮውን ዘጋው። መሬት ላይ ወድቆ እየተንፈራገጠ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

ቀጭኔ ከላይ ሆኖ ተርበተበተና ኩሬው ዳር የተቀመጠችውን እንቁራሪት ጠራ። «ጃንሆይ ምን እያሉ ነው? እመት እንቁራሪት፣ አንቺ ቅርብ ነሽ፤ እባክሽ ስሚልኝ!»

እንቁራሪት ተጠግታ አዳመጠች።

«ምንም አላሉም» አለች። «ተቃውሞ የላቸውም። እንዲያውም እየጨፈሩ ነው፤ አጨብጭቡላቸው እንጂ!»